ተነሺ በሉኝ



 ባለፈው ወር የዕድራችን ሊቀመንበር ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃውን ስወርድ አዩኝና ታች ቆመው ጠበቁኝ። «መምህርት፣ ድሮ ወደ ጎን ዞረው፣ ብረቱን በሁለት እጅዎ ጨብጠው አልነበር የሚወርዱት? ምን ተገኘ?» አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። «ይህንን ለእኔ ብቻ አይንገሩኝ፤ ለዕድሩ ይንገሩት» አሉ። የዛሬው ንግግሬ እዚያ ደረጃ ሥር ነው የተጀመረው።

ስለ ጉልበት እናገራለሁ። በሦስት ከፍዬዋለሁ። መጀመሪያ ጉልበት ምን እንደሆነና ለምን እንደሚታመም፤ ቀጥሎ ከቀዶ ሕክምና በፊት ምን ማድረግ እንደሚቻል፤ በመጨረሻ ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ በተለይም ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ሳምንታት። ሦስተኛው ይረዝማል፤ የመጣሁት ለእሱ ነውና። በሦስቱም ውስጥ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ፦ ጉልበት የሚኖረው በመንቀሳቀስ ነው። 34 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፤ ሦስት ጊዜ ያልተነገረ ነገር ከክፍሉ አብሮ እንደማይወጣ አውቃለሁ።

በአማርኛችን ጉልበት አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ነገር ይሸከማል። መገጣጠሚያውም ጉልበት ነው፣ ብርታቱም ጉልበት ነው። ስለዚህ «ጉልበቴን አመመኝ» ማለት «አቅም አነሰኝ» ከማለት ጋር ይቀራረብብናል። ብዙዎቻችን የምንደብቀው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ 14 ዓመት ደብቄአለሁ። በ52 ዓመቴ ጀመረኝ፤ የታከምኩት በ66 ዓመቴ ነው። በመካከሉ አንድ ቀን፣ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ ለቅሶ ቤት አገኘኝና እንደ ወጉ ጉልበቴን ሊስም ዝቅ አለ። እጁ ገና ሲነካኝ እግሬን ሰብስቤ ወደ ኋላ አልኩ። ልጁ ደነገጠ፤ የተቀየምኩት መሰለው። ፊቱ ላይ ያየሁት እፍረት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «ልጄ፣ ስለሚያመኝ ነው» ብለው ምን ነበረበት? አላልኩም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ከፊቱ ሎሚው አለ። የአጥንቶቹን ጫፍ ልም አጥንት ይሸፍነዋል። በፋሲካ ዕለት የበግ እግር ከመገጣጠሚያው ሲገነጠል አጥንቱ ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ነጭና የሚያዳልጥ ነገር አይታችኋል፤ እሱ ነው። ይህ ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው፤ ስንረግጥ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ እግራችንን ስናነሳ መልሶ ይመጥጣል። ልብ በሉ፤ የማይንቀሳቀስ ጉልበት የተራበ ጉልበት ነው። ልም አጥንቱ ነርቭም የለውም፤ እየሳሳ ሲሄድ አይናገርም። ሕመሙ የሚሰማን ነገሩ ወደ አጥንቱና መገጣጠሚያውን ወደሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲዘልቅ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «በድንገት ጀመረኝ» የሚለው። በድንገት አይጀምርም፤ በድንገት የሚሰማን እኛ ነን።

ለምን ይሳሳል? ዕድሜ አንዱ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ክብደት አለ፣ ድሮ የወደቅንበት ጉዳት አለ፣ ከቤተሰብ የሚወረስ አለ፣ ለዓመታት ተንበርክኮ ወይም ሸክም ተሸክሞ መሥራት አለ። ሴቶችን፣ በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ፣ ይበልጥ ያገኛቸዋል። በሜዳ ስንራመድ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈው ጫና የክብደታችን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ደረጃ ስንወርድ ደግሞ ከሦስት እጥፍም ያልፋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረጃ ሲወርድ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ጉልበቱ ከ200 ኪሎ በላይ ይሸከማል ማለት ነው። እኔ ቤት ለመድረስ 54 ደረጃ አለ። ውኃ የሚመጣው ሌሊት ሆኖ ጀሪካን የሚወጣበትን ቀን እናንተው አስቡት።

ኑሯችን ደግሞ ለታመመ ጉልበት የተሠራ አይደለም። ቡና የምናፈላው ዱካ ላይ ተቀምጠን ነው። ሽንት ቤቱ በብዙዎቻችን ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ታክሲው ከፍ ያለ ነው፤ ረዳቱ ይቸኩላል። ቅዳሴው በቁመት ነው፣ ስግደቱ በጉልበት ነው። እነዚህ ጉልበትን ያበላሻሉ እያልኩ አይደለም፤ ጤነኛ ጉልበት ቁጢጥ ቢል አይጎዳም። የታመመውን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ይፈትኑታል።

ሁለት የተሳሳቱ ስሞች አሉ፤ እነሱን ላርም። አንደኛው ሪህ ነው። እኛ መገጣጠሚያ የሚያመውን ሁሉ ሪህ እንልና ሥጋ እናስተወዋለን። ሪህ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊት በድንገት ይነሳል፣ የእግር አውራ ጣት ላይ መጀመር ይወዳል፣ ቦታው ይቀላል፣ ይግላል። የእኔና የብዙዎቻችሁ ግን የመገጣጠሚያ መሳሳት ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ጠዋት ስንነሳ ለጥቂት ደቂቃ ይይዘንና ይለቀናል፤ ደረጃ ስንወርድ ይብሳል፤ ብዙ ከተቀመጥን በኋላ ስንነሳ ያንቀጫቅጫል። ሁለተኛው ስም ብርድ ነው። «ብርድ መታኝ» እያልኩ ስድስት ዓመት ጉልበቴን በነጠላ ስጠቀልል ኖሬአለሁ። ሙቀት ሕመም ያስታግሳል፤ ልም አጥንት ግን አይመልስም። ሪህን ከመሳሳት ለመለየት ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ፣ ቆማችሁ ራጅ ተነሱ። ቆማችሁ ነው ያልኩት፤ ተኝቶ የተነሳ ራጅ አጥንቶቹ ምን ያህል እንደተጠጋጉ በደንብ አያሳይም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ አለፍን። ከቀዶ ሕክምና በፊት ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው መድኃኒት ጡንቻ ነው። ከጭናችን ፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ የጉልበት ዘበኛ ነው፤ እሱ ሲደክም ጫናው ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ሲያመን እንቀመጣለን፤ ስንቀመጥ ጡንቻው ይከሳል፤ ሲከሳ ይበልጥ ያመናል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣን መንቀሳቀስ ነው። እስቲ አሁን አብረን እንሥራው። ወንበራችሁ ላይ እንዳላችሁ ቀኝ እግራችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ ጣቶቻችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ጭናችሁን አጥብቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አውርዱ። ግራውን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አውርዱ። ጋሼ፣ ጎበዝ! ይህን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር አሥር አድርጉ፤ ገንዘብ አያስወጣም። በሜዳ ላይ በእግር መሄድም እንዲሁ። ትንሽ ማመሙ አያስፈራችሁ፤ ሲያድር የሚበርድ ሕመም ጉዳት አይደለም።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ ለእኔም ከብዶኛል። ግን አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱን አራት ኪሎ ያህል ያቃልለዋል። አምስት ኪሎ ብትቀንሱ ሃያ ኪሎ ስኳር ከጀርባችሁ እንደማውረድ ቁጠሩት።

ሦስተኛው ከዘራ ነው። አብዛኞቻችን የምንይዘው በሚያመን እግር በኩል ነው፤ ትክክሉ በተቃራኒው ነው። ቀኝ ጉልበት የሚያመው ሰው ከዘራውን በግራ እጁ ይይዛል፤ ከታመመው እግር ጋር እኩል ያሳርፈዋል። እስቲ ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ ሞክሩት። «ከዘራ ይዛ ታየች» ይሉኛል ብላችሁ የምታፍሩ እህቶቼ፣ ቤተ ክርስቲያናችን እኮ መቋሚያ ያላት ናት። ካህናቱና ደብተራዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆሙ የሚደገፉት በእሱ ነው፤ በእሱ ላይ ቆመው ያመሰግናሉ፣ በእሱ ያሸበሽባሉ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል እያየሁ፣ እሳቸው በአንድ እግራቸው ቆመው ጸልየው እኔ እንዴት እቀመጣለሁ እያልኩ ለዓመታት ቆሜአለሁ። የነፍስ አባቴ ናቸው በመጨረሻ «ልጄ፣ ተቀምጠሽ አስቀድሺ፤ ስግደቱንም አንገትሽን ደፍተሽ ፈጽሚ» ያሉኝ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም እንደምታውቁት ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው። በሁለቱም ቤት የሚያስጨንቀን ሃይማኖቱ ሳይሆን የሰው ዓይን ነው።

ስለ መድኃኒት በጣም በርትቼ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ። ዲክሎፌናክ። መርፌውም፣ ክኒኑም። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ እየገዛን፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየተዋዋስን እንወስደዋለን። ሕመሙን ያቆማል፤ አልክድም። ለወራትና ለዓመታት ሲወሰድ ግን ጨጓራ ያቆስላል፣ ያደማል፤ ኩላሊት ይጎዳል፤ ደም ግፊት ያለበትን ሰው ግፊቱን ከፍ ያደርግበታል። የእኔ ኩላሊት የተረፈው አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ «እናቴ፣ ይህን በዚህ ወር ለሦስተኛ ጊዜ ነው የሚገዙት፤ ከእንግዲህ ያለ ሐኪም ወረቀት አልሸጥልዎትም» ብላ ስለመለሰችኝ ነው። ያን ቀን ተቀይሜ ወጣሁ። አሁን በየበዓሉ ደውዬ እንኳን አደረሰሽ እላታለሁ። ለጉልበት ዲክሎፌናክ በቅባት መልክም አለ፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ለብዙ አረጋዊ ይሻላል። ሐኪማችሁን ጠይቁት።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ለወለቀና ወለም ላለ አገራችን ለዘመናት የኖረችበት ጥበብ ነው፤ አከብራለሁ። ነገር ግን ያበጠና የጋለ ጉልበት ሲታሽ ይበልጥ ይቆጣል። ፍልውሃም ሄጃለሁ። ይህች ከተማ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ወርደው ቦታውን ስለወደዱት አይደል? ሙቅ ውኃ ጡንቻ ያፍታታል፤ ከወጣሁ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ወጣት እሆን ነበር። ወደ ጉልበት የሚገባው የስቴሮይድ መርፌም ለሳምንታት፣ ለአንዳንዱም ለወራት እፎይ ያሰኛል። ቀዶ ሕክምና ያቀዳችሁ ግን ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሦስት ወራት እንዳትወጉት፤ የኢንፌክሽን አደጋ ይጨምራል።

ይህን ሁሉ አድርገን ካልሆነስ? ሦስተኛው ነጥብ እዚህ ይጀምራል።

ቀዶ ሕክምናውን መቼ ማድረግ እንዳለብኝ ሐኪሙን ስጠይቀው ራጁን ሳይሆን እኔን እያየ «ሌሊት ያስነሳዎታል ወይ? ከቤት መውጣት አስቀርቶዎታል ወይ?» አለኝ። ሁለቱም ነበሩ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ለቅሶ መቅረት ነበር። ለቅሶ የማይደርስ ሰው በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የጎረቤቴ ባል ሞቶ ደረጃውን መውረድ አቅቶኝ መስኮቴ ላይ ቆሜ ድንኳኑን እያየሁ ያለቀስኩ ዕለት ወሰንኩ።

ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው «ጉልበቱ ተቆርጦ ወጥቶ ብረት ይገባል» ብሎ ይፈራል። የጥርስ ሐኪም የተጎዳ ጥርስን ላዩን ሞርዶ እንደሚያለብሰው አድርጋችሁ አስቡት። ከአጥንቶቹ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይላጣል፤ በላዩ ከኮባልትና ከክሮሚየም ወይም ከቲታኒየም የተሠራ ብረት ይገጠማል፤ በመካከሉ ጠንካራና ለስላሳ ፕላስቲክ ይገባል፤ ያ ፕላስቲክ የልም አጥንቱን ሥራ ይሠራል። ብረቱን ከአጥንት ጋር የሚያጣብቀው ሲሚንቶ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠራበት ነገር ጋር አንድ ዘር ነው። ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ሥራው አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ቴሚስቶክልስ ግሉክ የሚባል ሐኪም በርሊን ውስጥ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ማጠፊያ ጉልበት ውስጥ ገጥሞ ነበር። በሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ የተጎዱ ጉልበቶች ነበሩና በኢንፌክሽን ከሸፈ። ዛሬ ለሚገጠመው ዓይነት መሠረት የሆነው በ1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ጆን ኢንሳልና ባልደረቦቹ የሠሩት ነው። አሁን ከተገጠሙት መቶ ጉልበቶች 82 ያህሉ ከ25 ዓመት በኋላም እንዳሉ ናቸው። ይህን የሰማሁ ዕለት በ66 ላይ 25 ጨምሬ 91 አልኩና «ይበቃኛል» ብዬ ሳቅሁ።

ግን እውነቱን ሙሉውን ልንገራችሁ። ከአሥር ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ በውጤቱ አይረኩም። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ኢንፌክሽን ያገኘዋል፤ እሱ ሲመጣ ከባድ ነው። ስለዚህ ቀድሞ መዘጋጀት አለ። ስኳር ያለበት ስኳሩን ያስተካክል። የሚያጨስ ይተው። የበሰበሰ ጥርስ ያለው አስቀድሞ ይታከም። ደም ማነስ ያለበት ይታከም። ቀጠሮው ጾም ላይ ከዋለ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ቁስል የሚድነው በምግብ ነው፤ ቢያንስ ሽሮውና ምስሩ ይብዛ። የጭን ጡንቻውን እንቅስቃሴ ከሳምንታት በፊት ጀምሩ። ጠንክሮ የገባ ጭን ቶሎ ይነሳል።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ደረስኩ።

በቀዶ ሕክምናው ማግስት ጠዋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ «ተነሺ» አለችኝ። በሰማንያ ዓመት አሮጊት ላይ የሚደረግ ግፍ መሰለኝ፤ ያኔ ገና 66 ነኝ። በወከር ተደግፌ አራት እርምጃ ሄድኩ፣ አልቅሼ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን ደረጃ አስተማረችኝ፦ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም። 54ቱን ደረጃ በዚህ ሕግ፣ ልጄ ከኋላ፣ የጎረቤት ልጅ ከፊት ሆነው፣ በ40 ደቂቃ ወጣሁ።

ከዚያ ዘመድ መጣ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ አጥሚት ይዘው መጡ፣ ቅንጬ ይዘው መጡ፣ ዶሮ አርደው መጡ። ያየኝ ሁሉ ምን አለኝ? «አትነሺ!» ብርጭቆ ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ሦስት ሰው ይነሳል። ሽንት ቤት ልሂድ ስል «ምን አስቸኮለሽ፣ እናምጣልሽ» ይላሉ። የባሰው ደግሞ ትራስ ነው። አንዷ ዘመዴ፣ እጅግ የምትወደኝ፣ «እንዲመችሽ» ብላ ከጉልበቴ ሥር ወፍራም ትራስ አስገባችልኝ። ተመቸኝ! የታመመ ጉልበት ትንሽ ሲታጠፍ ሕመሙ ይቀላል። አሥር ቀን እንደዚያ ሆኜ ተኛሁ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ቀጠሮ ስሄድ ባለሙያዋ እግሬን ዘረጋችና በመለኪያዋ ለካችው። ቀጥ ሊል 15 ዲግሪ ይጎድለዋል። «ማን ነው ትራስ ያደረገልዎት?» አለች። ዝም አልኩ። ዘመዴ አጠገቤ ቆማ ነበርና ማፈር ጀመረች፤ ዕንባዋ መጣ። ቀጥ የማይል ጉልበት ዕድሜ ልክ ያስነክሳል፤ ጠባሳው ከጠነከረ ደግሞ በማደንዘዣ ተኝተን ሐኪም በግድ ሊያጥፈው ወይም ሊዘረጋው ይገደዳል። ያንን 15 ዲግሪ ለመመለስ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ትራሱ ተረከዝ ሥር ነበር መግባት የነበረበት፤ ጉልበቱ በአየር ላይ ሆኖ በራሱ ክብደት እንዲዘረጋ። ተረከዝ ሥር! ለሁለተኛ ጊዜ ነው ያልኩት፤ ሦስተኛውን ለቤታችሁ ንገሩልኝ።

ለዚህ ነው ርዕሴን «ተነሺ በሉኝ» ያልኩት። እኛ የታመመ ሰው ስንወድ እናስተኛለን። የወለደችን እናስተኛለን፣ ያዘነችን እናስቀምጣለን። ፍቅራችን መንገዱን የሚያውቀው ወደ አልጋ ነው። ጉልበቷን የተሠራች ሴት ግን ፍቅራችሁን በሌላ መንገድ ትፈልገዋለች። ልትጠይቋት ስትሄዱ ቡናውን እሷ ካለችበት ክፍል ራቅ አድርጋችሁ አፍሉና «ነይ፣ እዚህ እንጠጣ» በሏት። ከበር እስከ በር አብራችኋት ሂዱ። ስታለቅስ አቁሚ አትበሏት፤ አብራችሁ ቁጠሩላት። የሚያስፈልጋት በየሰዓቱ ትንሽ መንቀሳቀስ ነው፤ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማወዛወዝ፣ ጭን ማጥበቅ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ወደ ኋላ መሳብ። በስድስተኛው ሳምንት ጉልበቱ ቢያንስ 90 ዲግሪ ሊታጠፍ ይገባዋል፤ ወንበር ላይ በደንብ የምንቀመጥበት መጠን ማለት ነው። በመካከሉ እግሯን ከልብ ከፍ አድርጋ ታሳርፍ፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ታድርግበት። የሕመም ማስታገሻዋን ሰዓቱን ጠብቃ ትውሰድ፤ ክኒን የጠላች ሴት እንቅስቃሴዋን አትሠራም።

እናንተ ጠያቂዎች ልትፈሩ የሚገባችሁ ሌላ ነው። ባቷ በድንገት ቢያብጥና ቢያማት፣ ትንፋሽ ቢያጥራት ወይም ደረቷን ቢወጋት ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ሰዓት ታክሲ ይጠራ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የታዘዘላት ለዚህ ነውና አታቋርጥ። ቁስሉ መግል ቢያወጣ፣ ትኩሳት ቢመጣ፣ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ቢጨምር ቀጠሮ አይጠበቅም። ጉልበቱ ለወራት መጋሉ፣ ከጠባሳው ውጭ በኩል መደንዘዙ፣ ሲሄዱ «ጠቅ ጠቅ» ማለቱ ግን የተለመደ ነው።

ስለ ሌሊቱም ልንገራችሁ፤ ማንም አልነገረኝም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት እንቅልፍ የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ «ምን አድርጌ ነው ደህና እግሬን ያስቆረጥኩት» ብዬ አልቅሻለሁ። ደህና እንዳልነበረ ሌሊት ይረሳል። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ መተኛቴን አወቅሁ። በስድስተኛው ወር ደረጃውን አንድ አንድ እግር እያልኩ መውረድ ቻልኩ። ሙሉ ለሙሉ የኔ የሆነው ዓመት ሲሞላው ነው። አሁንም ቁጢጥ አልልም፤ አዲሱ ጉልበት ለዚያ አይታጠፍም። ዱካዬን ለልጄ ሰጥቼ ረከቦቱን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጌአለሁ፤ ቡናው እዚያም ይፈላል። ግራ ጉልበቴ ገና አልተሠራም፤ በእንቅስቃሴ ይዤዋለሁ።

አሁን ለዕድራችን ያለኝን ጥያቄ ላቅርብ።

ዕድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ሰሐን አለው። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉ ይቆማል። እኔ ከሆስፒታል ስወጣ ወከር ለማግኘት ልጄ ሁለት ቀን ከተማውን ዞራለች። ሽንት ቤቱ ላይ የሚደረገውን ወንበር ውጭ አገር ያለች እህቷ በሻንጣ ላከችው። አሁን እኔ ዘንድ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዳችሁ ቤት አልጋ ሥር እንደዚህ የተረሳ ክራንች፣ ወከር፣ ባለ ቀዳዳ ወንበር አለ፤ ከፊሉ ያረፉ ወላጆቻችሁ የተውት ነው። አምጡት። በዕድሩ መዝገብ ይግባ፤ የሚያስፈልገው አባል በፊርማ ይውሰድ፣ ሲነሳ ይመልስ። ገንዘብ እንድታዋጡ አልጠየቅኩም። ከወጣቶቻችን ሁለት ሰው፣ ከታካሚ ጋር ሆስፒታል ሄደው እንቅስቃሴውንና ደረጃ አወጣጡን የሚማሩ ፈቃደኞች እንዲሆኑ ግን እጠይቃለሁ፤ ፎቅ የምንኖር ብዙ ነንና።

የእኔ ወከርና ወንበር በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጠዋት ከሦስተኛ ፎቅ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ፤ አንድ በአንድ፣ በሁለት ዙር። የዕድሩ ንብረት ሁሉ ቁጥር ይጻፍበታልና፣ እባካችሁ ማርከር ያለው ሰው ይምጣና 1 እና 2 ብሎ ይጻፍባቸው።